«ንብረትዎን ይጠብቁ» ማለት ብቻ ስልክ አያድንም

ካፌ ግድግዳ ላይ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ወረቀት ያላየ የለም። ድሬዳዋም አለ፣ ሌላም ከተማ አለ። ወረቀቱ የተጻፈው ለቤቱ ባለቤት ነው። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ «ይኸው ጽፈናል» ለማለት ይጠቅመዋል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ጁስ የሚጠጣው ሰውዬ ግን ከወረቀቱ የሚያገኘው ነገር የለም።

ስለ ስልክ ስርቆት የሚታተሙት ፖስተሮችም አብዛኞቹ ከዚህ አይሻሉም። ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ በትልቁ ቀይ «ተጠንቀቁ!»፣ ከሥር የአምስት ድርጅት አርማ። አለቀ። ያነበበው ሰው «እሺ፣ ተጠነቀቅኩ፣ ከዚያስ?» ቢል መልስ የለውም። የትምህርት ቤት ክበብ፣ የወጣቶች ማኅበር ወይም ቀበሌው «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ ሥራልን» ብሎ ይህን ሥራ ከጣለባችሁ ይህ ማብራሪያ ለእናንተ ነው።

ሥራው ከሥዕልና ከቀለም በፊት ነው የሚጀምረው። ለምን ስልክ ይሰረቃል? ሮናልድ ክላርክ የሚባል የወንጀል መከላከል ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ሌባ የሚመርጣቸው ዕቃዎች በምን እንደሚመሳሰሉ ጽፎ ነበር። ለመደበቅ ይቀላሉ፣ ለመውሰድ አያስቸግሩም፣ በየቦታው ይገኛሉ፣ ዋጋ አላቸው፣ ሰው ይወዳቸዋል፣ ቶሎ ይሸጣሉ። ስልክ ስድስቱንም ያሟላል። ክላርክ ከስድስቱ ትልቅ ክብደት የሚሰጠው ለመጨረሻው ነው። የሰረቁት ዕቃ ካልተሸጠ ምን ይሠራል?

እንግዲህ የምትጽፉላቸው ሰዎች ሁለት ናቸው ማለት ነው። አንዱ ስልኩን የያዘው ነው። ሌላው ያገለገለ ስልክ ሊገዛ የወጣው ነው። ፖስተሮቻችን ሁሉ ለመጀመሪያው ይጮኻሉ። ሁለተኛውን የሚያናግረው የለም። እኔ ብጠየቅ፣ ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለገዢው ነው የማሳትመው።

ለገዢው የሚባለው ደግሞ አጭር ነው። ማንኛውም ስልክ አይኤምኢአይ የሚባል ባለ15 አሃዝ መለያ ቁጥር አለው። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው። *#06# ሲጻፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ካርቶኑ ላይም ታትሟል። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ «ካርቶን አለው?» ማለት ልማዳችን ነው። «አለው» ሲባል ግን ገንዘብ ወደ መቁጠር እንሄዳለን እንጂ የካርቶኑን ቁጥር ከስልኩ ጋር የምናመሳክር ስንቶቻችን ነን? ባዶ ካርቶን እንደሆነ ከየትም ይገኛል። የፖስተሩ ጽሑፍ ይኸው ወጣ፦ «ከመክፈልህ በፊት *#06# በል። ከካርቶኑ ቁጥር ጋር አንድ ነው?» ሥዕሉም አያስቸግርም። አንድ ካርቶን፣ አንድ ስልክ፣ ሁለቱም ላይ ቁጥሩ ተከብቦ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለምሳሌ የምታስገቡት ቁጥር የእውነተኛ ስልክ መሆን የለበትም። የራሳችሁን ካርቶን ፎቶ አንስታችሁ ካሳተማችሁ መለያ ቁጥራችሁን ለከተማው በነፃ አደላችሁ ማለት ነው።

ቦታ ከተረፈ አንድ መስመር ሕግ ጨምሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 መሸሸግ ስለሚባለው ወንጀል ነው። ዕቃው በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ እየተገባው፣ የገዛ፣ ያስቀመጠ ወይም ያሻሻጠ ሰው ራሱ ይጠየቃል። ብዙ ሰው «እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» ብሎ ነፃ የሚወጣ ይመስለዋል። ስልክ ከዋጋው በግማሽ ቀንሶ፣ ያለ ካርቶን፣ ያለ ቻርጀር፣ ቆሞ በጥድፊያ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመህ «ማወቅ እየተገባው» የሚባለው ያ ነው።

ወደ ስልኩ ባለቤት እንምጣ። እዚህ ብዙ ዲዛይነር የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ነገሩን ከባድ ለማስመሰል «በከተማችን ስልክ የማይሰረቅበት ቀን የለም» ብሎ መጻፍ። አሪዞና፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚ ቁራጭ እየያዘ እየወጣ አስቸገረ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ምልክት ያደረጉባቸውን ቁራጮች መንገዱ ላይ በትነው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ሞከሩ። አንደኛው «ብዙ ጎብኚዎች እንጨት ወስደው ፓርኩን ጎዱት» የሚል መንፈስ ነበረው። ሁለተኛው በቀላሉ «እባክዎ አይውሰዱ» ይላል። የመጀመሪያው ባለበት መንገድ 8 በመቶ ገደማ ተወሰደ። ሁለተኛው ባለበት 2 በመቶ አልሞላም። ሰው ጽሑፉን ያነበበው «ሁሉም ይወስዳል» ብሎ ነው። የእኛም ፖስተር «እዚህ ሁሉም ይሰርቃል» ሲል ሊሰርቅ የሚያመነታውን ልጅ ልብ ይሰጠዋል። ለባለቤቱም «እንግዲህ ምን ይደረጋል» የሚል ስንፍና ያወርሰዋል። ማስፈራራት ብቻውን ሰውን አያስነሳም። ፍርሃቱን የሚያወጣበት አንድ ቀላል ሥራ ከጎኑ ካልተሰጠው ዓይኑን ያዞራል።

ሌላ ጥናት ደግሞ ከእንግሊዝ። ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብስክሌት በሚቆምባቸው ሦስት ቦታዎች ትልልቅ ዓይኖች ያሉበትና «እያየናችሁ ነው» የሚል መልእክት የያዘ ፖስተር ተሰቀለ። በአንድ ዓመት ውስጥ በእነዚያ ቦታዎች ስርቆት 62 በመቶ ቀነሰ። ደስ ይላል። ፖስተር ባልተሰቀለባቸው የግቢው ቦታዎች ግን 65 በመቶ ጨመረ። ሌባው ሥራውን አልተወም፣ ቦታ ቀየረ። ስለዚህ ለሌባው የሚጻፍ ፖስተር የአንድ ሱቅ ባለቤትን ሊያስደስት ይችላል፣ ለሰፈር ግን ብዙም አያተርፍም። ለባለቤቱና ለገዢው የተጻፈው ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር ሲሻገርም አይቀርም።

ቦታ ካልን አይቀር፣ ጽሑፉን የሚወስነው የሚለጠፍበት ቦታ ነው። አንድ ፖስተር አምጥቶ ሁሉም ቦታ መለጠፍ ብር መበተን ነው።

ባጃጅን ውሰዱ። ድሬ ያለ ባጃጅ አትታሰብም። ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ ተሳፋሪው ዳር ተቀምጦ ስልኩን በመንገዱ በኩል ባለው እጁ ይዞ ያወራል። ባጃጁ ቀዝቀዝ ሲል ላጥ ነው። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ በተሳፋሪው ዓይን ትይዩ የምትለጠፍ ስቲከር እዚህ ከማንኛውም ባነር ትበልጣለች። ተሳፋሪው ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። «ስልክህን በውስጥ በኩል ያዝ» ይበቃል። ከሥሯ በትንሹ «ስትወርድ መቀመጫውን እይ»፤ መንታፊ ሳይነካው ራሱ ተንሸራቶ ወንበር ላይ የሚቀረውም ስልክ ቀላል አይደለም። ሹፌሮቹ ባጃጃቸውን በጥቅስና በስቲከር ማስጌጥ ስለሚወዱ አስቀያሚ ካላደረጋችሁት እምቢ አይሏችሁም።

ቀፊራ ገበያ ሌላ ዓለም ነው። ሰው ሁለት እጁን በፌስታል ሞልቶ በግፊያ ውስጥ ይሄዳል። እዚያ መሃል «ከኪስ አውላቂ ተጠንቀቁ» ብላችሁ ከሰቀላችሁ ያነበበው ሁሉ የሚያደርገው ያው ነው፤ ወዲያው ኪሱን ይዳስሳል። አጠገቡ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ስልኩ የትኛው ኪስ እንዳለ አሳየው። ፖስተሩ መሆን ያለበት ሰውዬው ገና ዕቃ ሳይዝ፣ ባጃጅ በሚወርድበት ቦታ ወይም ቅስት ያለው መግቢያው ጋ ሳይደርስ ነው። ጽሑፉም «ስልክ የፊት ኪስ፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከዚፕ ሥር፤ አሁን» ዓይነት። «አሁን» የምትለዋን አትርሱ።

ቻርጅ ማድረጊያውም አለ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድና ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ስልኮች ሶኬት ሥር ይደረደራሉ። ከሶኬቱ አጠገብ የእጅ መዳፍ የምታክል ስቲከር ትበቃለች።

ቁልቢ ገብርኤል ደግሞ የራሱ ዝግጅት ይፈልጋል። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ብዙው በድሬዳዋ ያልፋል። ይህ ሰው ለከተማው እንግዳ ነው፣ ቦርሳ ተሸክሟል፣ ደክሞታል፣ በስልኩ ዘመድ እያፈላለገ ነው። ለእሱ ግድግዳ ላይ ያለ ፖስተር አይሆንም። በእጁ የሚይዘው ትንሽ ካርድ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህም በዓሉ ከመድረሱ በፊት መታተምና አውቶቡስ ተራ ላይ መታደል አለበት።

ስለዚህች ካርድ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

የተለመደው የቢዝነስ ካርድ ወርዱ 85፣ ቁመቱ 55 ሚሊሜትር ነው። የአይኤምኢአይ 15 አሃዝ እያንዳንዱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ሳጥን ቢሰጠው 75 ሚሊሜትር ይይዛል። ግራና ቀኝ 5፣ 5 ሚሊሜትር ይተርፋል። ልክክ ይላል። ሁለት ሲም ላለው ስልክ ሁለት ረድፍ ሳጥን። ከላይ «*#06# ብለህ እዚህ ጻፍ»። ከጀርባው «ስልኬ ከጠፋ» ብላችሁ ሦስት ነገር። በሌላ ሰው ስልክ በጉግል ወይም በአፕል አካውንትህ ገብተህ ስልክህን ቆልፍ፤ ሲሙን አዘጋ፤ ይህን ካርድ ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድ። ሲሙ የሚቸኮልበት ምክንያት ገንዘብ ነው። የቴሌብርና የባንክ ማረጋገጫ ኮዶች በዚያ ቁጥር ነው የሚመጡት። የሲም ፒን (ሲሙ ራሱ የሚጠይቀውን የሚስጥር ቁጥር) ያላደረገ ሰው ስልኩ በፓተርን ቢቆለፍም ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ይከተዋል። በርቀት መቆለፉ ግን ስልኩ ኢንተርኔት እንዲኖረው ይፈልጋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ስልክ በአቅራቢያ ካለ ቀድሞ መቆለፍ፤ ከሌለ ጊዜ ሳይፈጁ ሲሙን ማዘጋት።

ካርዷ ላይ ሁለት ቁጥር ይታተማል። የኢትዮ ቴሌኮም 994 እና የሳፋሪኮም 700። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ እዚህ አንዱን ብቻ መጻፍ አያዋጣም። የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥርም ጨምሩ።

አሁን ወረቀቱ። ማተሚያ ቤቱ «አንጸባራቂ እናድርግልህ፣ ላሚኔት እናድርገው» ይላችኋል። ያምራል፣ ግን እስክሪብቶ አይዝም። ካርዷ የሚጻፍባት ስለሆነች ያልተቀባ ወረቀት ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ በወፍራሙ ይጻፍባት፦ «ከስልክ ሽፋን ሥር አታስቀምጥ»። እኛ ሰዎች መታወቂያ፣ ብር፣ ሲም፣ ያለንን ሁሉ ከስልክ ጀርባ ባለው ሽፋን ውስጥ እንከታለን። ካርዷ እዚያ ከገባች ከስልኩ ጋር አብራ ትሄዳለች።

ኪውአር ኮድ የሚወዱ ይኖራሉ። ካርድ ላይ ይሁን። ገበያ ውስጥ ባለ ፖስተር ላይ ግን ሰውን በግፊያ መሃል «ስልክህን አውጥተህ ወደ ላይ ዘርጋ» እያላችሁት ነው። ከሌባ ጋር የተዋዋላችሁ ነው የሚመስለው።

ስለ ፊደላችን። ላቲን ፊደል ዋናውን ቃል በትልልቁ ፊደል ጽፎ ያወጣዋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ዋናውን ቃል የምናወጣው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በሚተው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ለ፣ ሉ እና ሊን የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ፊደሉን ለማሳጠር ወይም ለማስረዘም ከጎተታችሁት ጭረቷ ትሞታለች። ከ3 ሜትር ያለ ችግር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በዚህ ልክ ኤ3 ወረቀት ላይ የሚገባው ቃል ጥቂት ነው። አይክፋችሁ፤ ከዚያ በላይ ለምን ትጽፋላችሁ?

ድሬዳዋ ላይ በአማርኛ ብቻ ማተም ግማሹን ሰው መተው ነው። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ያስፈልጋሉ። ሁለቱም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉና አናባቢው ስለሚደራረብ ያው መልእክት ከአማርኛው ረዘም ይላል። ዲዛይኑን በአማርኛ ጨርሳችሁ ሌላውን ኋላ ልትጠቀጥቁት ከሞከራችሁ በትንንሽ ፊደል ታፍኖ ይቀራል። በረጅሙ ጀምሩ፣ አማርኛው የትም ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሦስቱን በአንድ ወረቀት ከማጨናነቅ ሦስት ስቲከር ማውጣት ነው። ትርጉሙንም ቋንቋውን በሚናገር የሰፈሩ ሰው አስጽፉ። አማርኛውም ቢሆን ቢሮ ቢሮ አይሽተት። የድሬ ልጅ «ክቡራን የከተማችን ነዋሪዎች» ሲባል እዚያው ነው የሚተወው።

ፀሐዩ የራሱ ጉዳይ ነው። ሱቅ መስኮት ላይ የቆየ ፖስተር ሰማያዊ ሰማያዊ ሲሆን አይታችኋል? ፀሐይ ላይ ቢጫውና ማጀንታው ቀድመው ይለቃሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ቀይ የሚሠራው ደግሞ ከሁለቱ ነው። እንግዲህ በድሬ ፀሐይ ላይ በትልቁ ቀይ የጻፋችሁት «ተጠንቀቁ» ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ዋናውን ጽሑፍ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ አድርጉት። ቀዩ ቢጠፋም ምንም የማይጎድለው ጌጥ ላይ ይሁን።

ሥዕል ላይ የሰው ፊት አታስገቡ። «ይህ ሌባ ነው» ብሎ ከስልክ ካሜራ የተገኘ ፎቶ ማተም የሚፈልግ አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ሌባውን በአለባበስ ወይም በሥራ መሳልም አይገባም። ሊስትሮ ወይም ተሸካሚ የሚመስል ልጅ ከሳላችሁ ከነገ ጀምሮ ሠርተው የሚያድሩ ልጆች ላይ ነው ዓይን የሚያርፈው። እጅና ስልክ ይበቃል።

ፋይሉን ማተሚያ ቤት ስትልኩ ሁለት ነገር ያጣላል። በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፊደሉንም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (አውትላይን) ለውጣችሁ ላኩ። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ኤ3 በጥሩ ጥራት ሲታተም 3,508 በ4,961 ፒክሰል ይፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1,280 ፒክሰል ሆኖ ይደርሳል። ስልክ ላይ ጥርት ያለው ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩት።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ኮፒ አውጡና ለባጃጅ ሹፌር፣ ለቡና ሻጯ፣ ለአንድ ተማሪ ለአምስት ሰከንድ ያህል አሳይታችሁ መልሱት። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ያምራል ይላል። «ምን አድርግ አለህ?» በሉ። «ስለ ሌባ ነው» ካለ አልሠራም። «ስልኬን ወደ ውስጥ ልያዝ» ካለ ይታተም። ሊለጠፍበት ያለውን ቀበሌና ባለ ሱቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጻፋችሁትን ስልክ ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ደውላችሁ አረጋግጡ። ጥግ ላይ በትንሹ የታተመበትን ወርና ዓመት ጻፉ፤ ቁጥር የተቀየረ ዕለት የትኛው ተነሥቶ የትኛው እንደሚቆይ በዚያ ይለያል።